የማጀት እሳትና የአገር ሀብት

ሰው በምድር ላይ ለመኖር ከሚያሻው ነገር ሁሉ እህልና ውኃ ቀዳሚዎች ናቸው። ዳሩ ግን ዱቄቱ ያለ እሳት እንጀራ፥ ሽሮውም ያለ እሳት ወጥ አይሆንምና ስለ አዝመራና ስለ ዝናም እየተናገሩ ስለ ማገዶ ዝም ማለት ነገሩን ከግማሽ አድርሶ መተው ነው። ይሁን እንጂ በአገራችን ልማድ ማገዶ ከማጀት የማያልፍ የሴቶች ጉዳይ ተደርጎ ስለሚታይ፥ በሹማምንት ሸንጎም ሆነ በካህናት ጉባኤ ሲነሣ እምብዛም አይሰማም። ማድ ቤቱ ከአዳራሹ ራቅ ብሎ የተሠራ ነውና በአዳራሹ የተቀመጠው ሰው ጭሱ ዐይኑን አያቃጥለውም፤ ዐይኑን ያላቃጠለውንም ነገር ከቁም ነገር አይቈጥረውም። እኛ ግን ዛሬ ስለ ቤት እሳትና ስለ ቤት መብራት አጠባበቅ ጥቂት ለመናገር አስበናል።

ነገሩ ትንሽ አለመሆኑን ለማስረዳት ከራሳችን ታሪክ የበለጠ ምስክር አያሻም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ብዙ ዘመን ሳይቈይ በእንጦጦና በዙሪያው የነበረው የጥድና የወይራ ደን ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቈረጠ ተመናመነ። እንጨት ለቃሚው ከቀን ወደ ቀን ወደ ሩቅ መሄድ ግድ ሆነበት፤ የእንጨቱም ዋጋ ተወደደ። እንደ ቀድሞው ዘመን ልማድ ቢሆን ኖሮ ድንኳን ነቅሎ ደን ወዳለበት ወደ ሌላ ስፍራ መሄድ ብቻ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክም መቀመጫቸውን ወደ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በ1893 ዓ.ም. ገደማ በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማዪቱን ከመፍለስ ካዳኗት ምክንያቶች ዋነኛው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ማዶ የገባው፥ ስሙም ከዚያው የተነሣ ባሕር ዛፍ የተባለው፥ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገዶ የሚደርሰው ዛፍ ነው። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት የእመቤታችን የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ። እንግዲህ የማገዶ እጦት የመንግሥትን መናገሻ ሊያስነሣ እስኪቃጣ የደረሰ ነገር ከሆነ፥ የማጀት ወሬ ነው ብሎ ማለፍ እንዴት ይቻላል?

ከዚያ ወዲህ ዘመኑ ተለውጧል። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ አንሥቶ ወንዞቻችን አንድ በአንድ ለኤሌክትሪክ ኃይል ሲገሩ ቈይተው፥ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ኃይሉም 5,150 ሜጋዋት ነው። ይህን የሰማ አንዳንድ ሰው፥ «ይህን የሚያህል ኃይል ካገኘን ወዲያ በየቤቱ አንድ አምፑል ማጥፋት፥ ከምድጃም አንድ ፍልጥ መቀነስ ምን ይጠቅማል?» ሲል ይደመጣል። ጥያቄው ከንቱ አይደለምና መልስ ይገባዋል።

መጀመሪያ፥ ከሕዝባችን ግማሽ የሚያህለው ገና የኤሌክትሪክ ገመድ አልደረሰውም። ከደረሰውም ውስጥ መብራቱን በኤሌክትሪክ፥ ምጣዱን ግን በእንጨት፥ ጀበናውንም በከሰል የሚያደርገው እጅግ ብዙ ነው። ስለዚህ ግድቡ ቢሞላም በአብዛኛው ቤት የሚነደው እንጨት፥ ጭራሮ፥ ኩበትና ከሰል መሆኑ አልቀረም። ሁለተኛም፥ ኃይል ከጉባ ተነሥቶ እስከ ማጀት ድረስ የሚመጣው በገመድና በትራንስፎርመር ነው። የአንድ ሰፈር ትራንስፎርመር የሚሸከመው ልክ አለው፤ ከዚያ ያለፈ እንደ ሆነ ይቃጠላል፤ የተቃጠለ ትራንስፎርመር የሚያመጣውን ጨለማ ደግሞ የዓባይ ውኃ ሁሉ አያበራውም። ሦስተኛ፥ ከኤሌክትሪካችን ከመቶው ከ90 እጅ በላይ የሚገኘው ከውኃ ስለሆነ ነገሩ ሁሉ በክረምቱ ዝናም ላይ የተመሠረተ ነው። በግንቦት ወር 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስተኛው ግድብ ውኃ በማነሱ ምክንያት ከተሞቻችንና ፋብሪካዎቻችን ኃይል በፈረቃ እንዲያገኙ ተደርጎ እንደ ነበር የሚዘነጋው የለም። በዚህም ላይ መንግሥታችን ለጅቡቲና ለኬንያ ኃይል ይሸጣል፤ በቤት የተቈጠበው ኃይል ለሌላው መንደር መብራት ወይም ለአገር የውጭ ምንዛሪ ይሆናል ማለት ነው።

አሁን ወደ ማጀት እንግባ። በአገራችን ቤት ከሚነደው እሳት ሁሉ የሚበልጠውን የሚበላው ምጣድ ነው። ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጥ ነው። ምጣዱ ወርዱ እስከ 60 ሳንቲሜትር የሚደርስ ሸክላ ሲሆን፥ እንጀራው ዐይን እንዲያወጣ ሙቀቱ 200 ዲግሪ ያህል መድረስ አለበት። ሸክላ ደግሞ እንደ ብረት ፈጥኖ አይሞቅም። ይህ ትልቅ ሸክላ በሦስት ጉልቻ ላይ ተጥዶ ከሥሩ እሳቱ በነፋስ እየተገፋ ሲነድ፥ ከእንጨቱ ሙቀት ወደ ምጣዱ የሚገባው ከአሥር እጅ አንዱ ወይም ከዚያ ጥቂት ያለፈ ነው። የቀረው ዘጠኝ እጅ ግድግዳውን፥ ጣሪያውንና የጋጋሪዪቱን ፊት ያሞቃል፤ ከዚያም ጭስ ሆኖ ይሄዳል። በገበያ አሥር ሸክም እንጨት ገዝቶ ዘጠኙን በመንገድ ላይ ጥሎ የሚገባ ሰው ቢኖር ዕብድ በተባለ ነበር።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። እሳቱን መክበብ ነው። በትግራይ ምጣዱን ዙሪያውን በጭቃ ከብቦ እሳቱን በአንድ በኩል ብቻ መማገድ የቈየ ልማድ ነው፤ ይህም የአባቶች ጥበብ እንጂ ከውጭ የመጣ አይደለም። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የመንግሥት የኃይል ጥናት ሠራተኞች ከስሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተቀርጾ የሚሠራ «ምርጥ» የተባለ ምድጃ አውጥተዋል። ይህ ምድጃ ከሦስቱ ጉልቻ ጋራ ሲመዛዘን የእንጨቱን ወጪ ወደ ግማሽ ያወርዳል። ከበስተ ኋላውም ጭሱ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ድስት ስለሚጣድ፥ እንጀራው ሲጋገር ወጡ ያለ ተጨማሪ ማገዶ ይሞቃል። ስሚንቶ የሚገዛበት ገንዘብ የሌለው ሰው እንኳ በገለባ የተለወሰ ጭቃ ከጉልቻው ዙሪያ አቁሞ፥ መማገጃና ጭስ ማውጫ ትቶ ቢደፍነው በእርግጥ ይጠቀማል። ዋጋው የአንድ ቀን ጕልበት ነው።

ከምድጃው ቀጥሎ የአጋገሩ ሥርዓት አለ። ምጣዱን ከማሞቅ በፊት ሊጡ ተነሥቶ፥ አብሲቱ ገብቶ፥ ማሰሻውም ሰፌዱም ተዘጋጅቶ መገኘት አለበት። ምጣዱ ከጋለ በኋላ ባዶውን የሚቈይበት እያንዳንዱ ደቂቃ የሚቃጠል ገንዘብ ነው። አክንባሎው አፉ የተሸረፈ እንደ ሆነ እንፋሎቱ እየሾለከ እንጀራው ይዘገያል፤ አዲስ አክንባሎ የሚገዛበት ዋጋ በሁለት ወር እንጨት ይመለሳል ብንል ማጋነን አይሆንም። በየቀኑ አምስት አምስት እንጀራ ከመጋገር በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ አብዝቶ መጋገር ይሻላል፤ ምክንያቱም ትልቁ ወጪ ያለው ምጣዱን ከብርድ አንሥቶ በማጋል ላይ ነው። ጎረቤታሞች ተስማምተው በአንዲቱ ቤት በጋለው ምጣድ ተራ በተራ ቢጋግሩ ደግሞ የሁለት ወይም የሦስት ቤት ማሞቂያ ይቀራል፤ ወሬውም በአንድ ላይ ይወራል። የመጨረሻው እንጀራ ከወጣ በኋላ በምጣዱ ላይ የሚቀረው ሙቀት ቆሎ ለመቍላት ወይም በርበሬ ለማመስ ይበቃል። ይህን ሁሉ እናቶቻችን ያውቁታል፤ እኛ ለእነርሱ ለማስተማር አልተነሣንም። ነገሩን የምንጽፈው ለባለ ሥልጣኑና ለካህኑ ነው።

የቀድሞዎቹ ባልቴቶች ሌላም ጥበብ ነበራቸው። ማታ ፍሙን በዐመድ ዳፍነው ያድሩና ጠዋት ገለጥ አድርገው በጥቂት ጭራሮ ያያይዙት ነበር። እሳት የጠፋበትም ቤት ልጁን ልኮ ከጎረቤት እሳት ያስጭር ነበር። ክብሪት በየሱቁ ከተገኘ ወዲህ ይህ ልማድ ቀረ፤ ከክብሪቱም ጋራ ከምግብ በኋላ የተረፈውን ፍም ከነነፍሱ ትቶ መሄድ ልማድ ሆነ። የተረፈ እንጨት ከምድጃ ተስቦ ውኃ ሳይርከፈከፍበት በዐመድ የታፈነ እንደ ሆነ በማግሥቱ ደርቆ ይገኛል፤ ጫፉም ከሰል ስለሆነ ፈጥኖ ይያያዛል።

ስለ እንጨት እርጥበት ደግሞ ትንሽ ቈም ብሎ ማስተዋል ይገባል። ገና ከተቈረጠ ባሕር ዛፍ አሥር ኪሎ የተገዛ እንደ ሆነ፥ ከዚያ አምስት ኪሎ የሚያህለው ውኃ ነው። እሳቱ መጀመሪያ ይህን ውኃ አፍልቶ እንፋሎት ማድረግ አለበት፤ ምጣዱ ጋ የሚደርሰው ከዚያ ወዲያ ነው። ጭሱም የሚበዛው በዚሁ ምክንያት ነው። በክረምት እርጥብ እንጨት የሚገዛ ቤት ለውኃ ገንዘብ ይከፍላል ማለት ነው፤ ያውም ውኃ ከሰማይ በነጻ በሚወርድበት ወር። ስለዚህ አቅም ያለው ሁሉ የክረምቱን እንጨት በጥርና በየካቲት ገዝቶ፥ በቀጭኑ አስፈልጦ፥ ከጓሮ ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ነፋስ እንዲያልፍበት አድርጎ ቢደረድር ሁለት ትርፍ ያገኛል፤ በበጋ ዋጋው ርካሽ ነው፥ በክረምትም የሚያስፈልገው ሸክም ያንሳል። ደመወዝተኛ ግን በአንድ ጊዜ የክረምቱን ሁሉ ለመግዛት አይችልም ይባላል። እውነት ነው። መሥሪያ ቤቶች ለበዓል ሰንጋ መግዣ ለሠራተኞቻቸው ገንዘብ የሚያበድሩበት ማኅበር እንዳላቸው ሁሉ፥ ለማገዶም እንዲሁ ቢያደርጉ የሚከብድ አይመስለንም።

ከሰል ከእንጨት ይልቅ ንጹሕ መስሎ ስለሚታይ የከተማ ሰው ይወደዋል። ዳሩ ግን በአፈር ተሸፍኖ በሚነደው በባላገሩ የከሰል ጕድጓድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ወደ ሰባት ኪሎ የሚደርስ ደረቅ እንጨት ይጠፋል፤ ከእንጨቱ ኃይል ከሦስት እጅ ሁለቱ ገና ከተማ ሳይደርስ በዱር ጭስ ሆኖ ይቀራል። በስምጥ ሸለቆ የነበረው የግራር ዱር የሳሳው በአብዛኛው በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ ወደ ከተማ በመጣው ከሰል ነው። ከሰል መተው ያልቻለ ሰው ቢያንስ ማንደጃውን ይለውጥ። ውስጡ በሸክላ የተለበጠው «ላቀች» የተባለው ማንደጃ ከተራው የቆርቆሮ ማንደጃ ሩብ የሚያህል ከሰል ይቈጥባል፤ ሸክላው ሙቀቱን ይይዛልና። ለአንድ ጀበና ቡና ማንደጃውን ሞልቶ ከአቦል እስከ በረካ ማንደድ፥ ቡናው ካለቀም በኋላ ፍሙን እንዲያው ማቃጠል ልማዳችን ነው። የቡናውን ሥርዓት ማንም አይንካብን፤ ከሰሉን ግን በልክ ማድረግ ይቻላል።

በዚህ አጋጣሚ ሳንናገር የማናልፈው አንድ ብርቱ ነገር አለ። በብርድ ጊዜ የከሰል ማንደጃ ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ሞት ነው። ከፍሙ የሚወጣው ክፉ አየር ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛው ሰው ሳይነቃ ይሞታል። በከተሞቻችን በየብርዱ ወራት ቤተ ሰብ በሙሉ በዚህ ምክንያት ሞቶ መገኘቱ ይሰማል። ካህናት ለንስሐ ልጆቻቸው ይህን ቢነግሩ ነፍስ የሚያድን ቃል ነው። ለብርድ የሚሻለው ሙቀት እንዳይወጣ ማድረግ ነው፤ የበሩን ሥር በጨርቅ መወተፍ፥ በቆርቆሮውም ጣሪያ ሥር ኮርኒስ መወጠር።

ስለ ድስት ጥቂት እንበል። ደጋ አገር ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ፥ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላና ሽምብራ በደጋ ለመብሰል የሚዘገዩት ለዚህ ነው። ውኃው አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ እሳት መጨመር ሙቀቱን ከዚያ በላይ አያደርሰውም፤ እንፋሎቱን ብቻ ያበዛዋል። ስለዚህ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሶ፥ ክዳኑን ገጥሞ በዝግታ መተው እኩል ያበስላል። ጥራጥሬውን ከዋዜማው መዘፍዘፍ ግማሽ ሥራውን ውኃው እንዲሠራ ማድረግ ነው። በጾም ወራት ቤቱ ሁሉ ሽሮና ምስር፥ ባቄላና አተር ስለሚያበስል፥ የሁዳዴው 55 ቀን ለዚህ ጥበብ ታላቅ ጊዜ ነው። ክዳኑ ተቈልፎ እንፋሎቱን አፍኖ የሚያበስለው ድስት ደግሞ የውኃውን መፍያ ከፍ ስለሚያደርግ ለደጋ ሰው እንደ ተፈጠረ ነው፤ ዋጋው ቢከብድም ለብዙ ዓመት ያገለግላል።

ወደ ኤሌክትሪኩ ስንመለስ፥ በዚያም ቢሆን አለቃው ያው ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ለማሞቅ ብቻ ሩብ ሰዓት የቈየ እንደ ሆነ የሚበላው ኃይል ዘጠኝ ዋት የሆነውን አምፑል 97 ሰዓት ያበራል። በየምሽቱ አራት ሰዓት የሚያበራ ቤት ቢሆን ይህ የ24 ምሽት መብራት ነው! ስለዚህ ልጆቹን «መብራት አጥፉ» እያለ የሚቈጣ አባወራ በቤቱ ምጣዱ ባዶውን ሲግል ያላየ እንደ ሆነ፥ ትንኟን አጥርቶ ግመሉን ይውጣል። በኤሌክትሪክ ምጣድ ሁለት እንጀራ ሲቀር ማጥፋት ይገባል፤ በሸክላው ውስጥ ያለው ሙቀት ለሁለቱ ይበቃል። ደግሞም ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ መብራት የሚያበራበትና የሚያበስልበት ሰዓት ስለሆነ ምጣድ በዚያ ሰዓት አይጣድ። ረፋድ ላይ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የተጋገረ እንደ ሆነ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ይተነፍሳል፤ ምጣዱም ኃይል ስለማይጐድልበት ፈጥኖ ይግላል።

አምፑልን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። የቀድሞው 60 ዋት አምፑል በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ያንኑ የሚያህል ብርሃን የሚሰጠው 9 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፑል 1.35 ብቻ ይበላል። የቈጣሪው ዋጋ ደግሞ እርከን እርከን እየሆነ ፍጆታው በጨመረ ቍጥር ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፈለው ከፍ ስለሚል፥ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ታሪፉ በየጊዜው እንዲያድግ ስለ ተወሰነ፥ የሚቈጥብ ሰው የሚያተርፈው ከውዱ እርከን ነው። ገላ መታጠቢያ ውኃ ማሞቂያ 50 ሊትሩን ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል፤ ሌት ተቀን ተሰክቶ ሲቈይ ደግሞ የቀዘቀዘውን መልሶ መላልሶ ያሞቃል። ከመታጠብ በፊት ማብራት፥ ሲጨርሱ መንቀል ነው። ካውያም የሳምንቱን ልብስ በአንድ ጊዜ ይተኩስ። ትኩስ ወጥ ወደ ማቀዝቀዣ አይግባ።

አሁን ለመሥሪያ ቤቶቻችን ሹማምንት የምንለው አለን። በቀትር ጊዜ፥ ፀሐይ በአናት ላይ ሳለች፥ መጋረጃው ተጋርዶ መብራቱ በርቶ የሚሠራበት ቢሮ ብዙ ነው። መጋረጃው የተሰቀለው ለክብር እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ነገር ግን የፀሐይን ብርሃን ከልክሎ በመንግሥት ገንዘብ የአምፑል ብርሃን መግዛት ምን ዐይነት ክብር ነው? ማታ ጥበቃው ብቻ በቀረበት ሕንፃ ውስጥ ፎቁ ሁሉ በርቶ ሲያድርም ይታያል። ባለቤት የሌለው ቈጣሪ የሚባለው ይህ ነው። ለያንዳንዱ ፎቅ መብራቱን አጥፍቶ የሚወጣ አንድ ኃላፊ በስሙ ቢመደብ፥ የወሩም ሒሳብ በመግቢያው ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ ለውጡ በሦስት ወር ይታያል።

ለካህናት አባቶችም ድርሻ አለ፤ እንዲያውም ከሁሉ የቀደመው ድርሻ የእነርሱ ነው። በደቡብ ጎንደርና በጎጃም ሜዳው ሁሉ እርሻ ሆኖ ባለበት፥ የጥንቱ ጥድ፥ ዝግባና ዋንዛ ቆሞ የሚታየው በቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ብቻ ነው። ያን ደን የጠበቀው ግዝትና አክብሮት ነው። ደን አጥኚው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እንደ መሰከሩት፥ በዚያ አገር ካህናትና ምእመናን ከየማሳው ድንጋይ እየለቀሙ በደኑ ዙሪያ ካብ በካቡ ጊዜ ከብት መግባቱ ቀርቶ ችግኙ ከሥር መብቀል ጀምሯል። ነገር ግን በካቡ ውጭ ያለው ሕዝብ የሚያነደው ካጣ ካቡ ብቻውን አይበቃም። ኩበቱም ለእርሻው መዋል ሲገባው በምድጃ ውስጥ ያልቃል፤ በዚህም የተነሣ ማሳው ከዓመት ወደ ዓመት ይከሳል፥ የተራቈተውም ተዳፋት አፈሩን ወደ ወንዝ ይለቃል። የቆቃ ግድብ በደለል መቸገሩ ከዚህ የራቀ ነገር አይደለም፤ በላይኛው አዋሽ የነደደው ጭራሮ ታች በግድቡ ውስጥ ጭቃ ሆኖ ይገኛል፥ ከዚያም የመብራቱ ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ ካህኑ የደኑን ግዝት በሚያስጠብቅበት አንደበት፥ በየቤቱ ጓሮ ለማገዶ የሚሆን ዛፍ እንዲተከል፥ ባሕር ዛፍም ከምንጭ አጠገብና ከማሳ ዳር እንዲርቅ ቢያዝዝ ይሰማል። ሌላውም የዝክርና የተዝካር ማገዶ ነው። የጠላው ዳቦ ሲጋገር፥ አሻሮው ሲቈላ፥ ወጡም በታላላቅ ድስት ሲወጣ በሁለት ቀን የሚነደው እንጨት ለአንድ ቤት የብዙ ሳምንት ቀለብ ነው። ደብሩ ለምእመናኑ ሁሉ የሚያገለግል በደንብ የተከበበ አንድ ትልቅ ምድጃ በግቢው ቢያሠራ፥ ድግሱ ሳይቀንስ እንጨቱ ይቀንሳል። ከብት ያለው ገዳምም በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአገራችን በሰፊው የተጀመረውን፥ ከአዛባ ጋዝ የሚወጣበትን ጕድጓድ ቢያስቈፍር ለወጡና ለመብራቱ ይበቃዋል፤ የሚወጣውም ጭቃ መልካም ማዳበሪያ ነው። ለእንጀራ ግን ይህ ጋዝ እስከ ዛሬ ብዙም አልተመቸም።

ይህን ሁሉ ከተናገርን በኋላ አንድ የሚከብድ ጥያቄ ይቀራል። የተሻለው ምድጃ ከታወቀ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ፥ እስከ ዛሬ በብዙ ቤት ሦስቱ ጉልቻ ለምን አልተነሡም? እኛ የሚመስለን፥ በአብዛኛው ቤት ከረጢቱን የያዘው ሰው እንጨት የማይሸከመውና ጭስ የማይጠጣው ስለሆነ ነው። ከእንጦጦ ተራራ ወገቧ እስኪጐብጥ ሠላሳ ኪሎና ከዚያ በላይ ተሸክማ የምትወርደው ሴት ምድጃውን አትገዛም፤ ሸክሟን ሸጣ የዕለት እንጀራ ትገዛለች እንጂ። ባላገሪቱም እንጨቱን በጕልበቷ ስለምታመጣው «በነጻ የተገኘ ነው» ይባልባታል። ሕፃን በጀርባዋ አዝላ ከጭሱ ጋራ ስትውል የሕፃኑ ሳምባ እንደሚታመም፥ ለሳል መድኃኒት የወጣው ገንዘብ የምድጃውን ዋጋ እንደሚያክል የሚያሰላ ሰው በቤቱ የለም። አባወራ የሆነ ሁሉ፥ ባለ ሥልጣንም ይሁን ቄስ፥ አንድ ጊዜ ከመጀመሪያው እንጀራ እስከ መጨረሻው ድረስ በገዛ ማድ ቤቱ ተቀምጦ ቢውል በማግሥቱ ስሚንቶ ፍለጋ እንደሚወጣ አንጠራጠርም።

መንግሥት በበኩሉ የሚያደርገው አንድ ነገር በእጁ አለ። በየገበያው የሚሸጠው የኤሌክትሪክ ምጣድ ስንት ዋት እንደሚወስድ፥ ሸክላው ምን ያህል ውፍረት እንዳለው፥ ከሥሩ ሙቀት የሚይዝ መሸፈኛ ይኑረው አይኑረው ገዢው በዐይኑ አይቶ ሊያውቅ አይችልም። ሽቦው ተጠቅልሎ በቆርቆሮ የተሸፈነ ነውና የደኅናውም የመጥፎውም መልክ አንድ ነው። ስለዚህ እንደ እህልና እንደ ቡና ሚዛን ሁሉ ምጣድም ተለክቶ፥ ልኩም በጎኑ ተጽፎ እንዲሸጥ ማድረግ፥ በተጻፈውም ልክ መሆኑን በየጊዜው መመርመር ይገባል። ይህ ሲደረግ ምጣድ ሠሪዎቹና ሸክላ ሠሪዎቹ እናቶች ተጠርተው አሳባቸውን ቢሰጡ መልካም ነው፤ ሸክላው ቢሳሳ የት ላይ እንደሚሰነጠቅ፥ ቢወፍርም ስንት እንደሚዘገይ ከማንም ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።